ካርቶኑ ሁለቴ ይከፈታል፦ ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት ከአገር ቤት ዕቃ ሲመጣ

ውጭ አገር መኖር ከጀመርን በኋላ የመጀመሪያው ካርቶን ሲደርሰን ልጃችን 14 ወሯ ነበር። ካርቶኑን ሳሎን ወለል ላይ አስቀምጬ መቀስ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ ራሷ ከፍታዋለች። ግማሹ ቴፕ ፀጉሯ ላይ ተጣብቋል። አፏ ይንቀሳቀሳል። ምላሷ ላይ የነበረውን ነገር አነሳሁት፤ የሹራብ ቁልፍ ነው። ስልኩ ደግሞ ይጮኻል፤ እናቴ ናት። "ደረሰ? ከፈታችሁት? ወደደችው?"

ወድዳዋለች፤ ልትውጠው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ሕግ አለው፦ ማንኛውም ካርቶን ሁለቴ ይከፈታል። አንዴ እኛ ብቻችንን፣ ልጅ ተኝታ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከልጅ ጋር፣ ላኪው ስልክ ላይ ሆኖ። የመጀመሪያው ለደኅንነት ነው። ሁለተኛው ለአያት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ የሞከረ ሁለቱንም ያበላሻል።

እኛ የምንከተለውን ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ነገሩ የሚጀምረው ካርቶኑ ገና ሳይታሸግ ነው።

1. ዕድሜ ሳይሆን ቁመት ላኩ

አያት ልጁን የምታውቀው ባለፈው ባየችው ቁመት ነው። ስልክ ላይ በየቀኑ ብታየውም ስልክ ቁመት አያሳይም። ስለዚህ ወይ የጠበበ ይመጣል፣ ወይ ደግሞ "ያድግበታል" ተብሎ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ኮት ይመጣል።

"ሁለት ዓመቷ ነው" ማለት ብዙም አይረዳም። ልብስ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ልጅ በሁለተኛ ዓመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በሦስተኛው ረገብ ይላል፣ 8 ገደማ። ካርቶን መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ሰው እስኪገኝ ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የሚቆጠረው የተላከበት ቀን አይደለም፣ የሚደርስበት ቀን ነው። የሚደርስበት ወቅትም እንደዚያው። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ያን ጊዜ ሙቀት ነው ወይስ ብርድ?

የአውሮፓ የልጆች ልብስ ቁጥር ለዚህ ያመቻል፤ 86፣ 92፣ 98 የሚሉት የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ናቸው። ልጁን በር ላይ አስጠግታችሁ ለኩ። ከዚያ እንዲህ ብላችሁ ላኩ፦

"እማዬ፣ ዛሬ ቁመቷ 87 ሴንቲ ነው። 92 የሚለው አሁን ይሆናታል። 98 ካገኘሽ ለከርሞ እናስቀምጠዋለን። ከዚያ በላይ አትግዢ።"

ለጫማ ልጁ ባዶ እግሩን ወረቀት ላይ ቆሞ ተረከዙና ረጅሙ ጣቱ ጋ ምልክት አድርጉ። ሁለቱንም እግር፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይበልጣል። በትልቁ ላይ አንድ ሴንቲ ያህል ጨምሩና ቁጥሩን ንገሩ። እርግጥ ቆሞ እንዲቆይ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። እኛ ሦስት ወረቀት ፈጅተናል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ "ምንም አትላኩ" አይሠራም። ሞክረነዋል። "ምንም አትላኩ" ብለን 11 ኪሎ መጣ። ሁለት ነገር በስሙ ጠርታችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። ልባቸው በዚያ ያርፋል፣ የካርቶኑ መጠንም ይቀንሳል።

2. ፖስታ ቤት ወይስ ሰው?

በፖስታ ከሆነ ዋናው ነገር በላዩ የሚለጠፈው የጉምሩክ ወረቀት ነው። ሲኤን 22 እና ሲኤን 23 ይባላሉ፤ የመጀመሪያው ለትንንሹ፣ ሁለተኛው ዋጋውም ክብደቱም ከፍ ላለው። በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት የሆኑት ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ስላወጣቸው ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1874 በርን ላይ የተመሠረተ ነው።

የእኛ ሁለተኛ ካርቶን ጉምሩክ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "ስጦታ" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ስጦታ ምንድን ነው? ሹራብም ስጦታ ነው፣ ርችትም ስጦታ ነው። ላኪያችሁን እንዲህ እንዲጽፍ ንገሩት፦ የልጅ ሹራብ፣ ጥጥ፣ 2። የጨርቅ አሻንጉሊት፣ 1። የሥዕል መጽሐፍ፣ 3። ከየአንዳንዱ ጎን ዋጋና ክብደት። ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ ይህ መረጃ ከዕቃው ቀድሞ በኮምፒዩተር ለተቀባዩ አገር እንዲደርስ ስለሚጠየቅ፣ የተጨማለቀ ጽሑፍ ወይም ባዶ ቦታ ካርቶኑን ገና ከመነሻው ሊያስቀረው ይችላል።

ዋጋውን ዜሮ ብሎ መጻፍ ጉምሩክን ያስጠረጥራል እንጂ አያስተኛውም። ደግሞስ ስጦታ በብዙ ቦታ የራሱ ፈቃድ አለው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከውጭ ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ እስከ 45 ዩሮ የሚያወጣ ስጦታ ከቀረጥና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ልኩ 39 ፓውንድ ነው። አንድ ትልቅ ካርቶን ከሚሆን በየጊዜው የሚላክ ትንሽ ቢሆን ይሻላል የምለው ለዚህም ነው። ለሌላም ነው፤ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

የመከታተያ ቁጥሩን ፎቶ አስነሥታችሁ ተቀበሉ። 13 ምልክት አለው፦ ሁለት የላቲን ፊደል፣ 9 አኃዝ፣ በመጨረሻ የላኪውን አገር የሚያሳዩ ሁለት ፊደሎች። በዚያው ቁጥር የእናንተ አገር ፖስታ ድረ ገጽ ላይም መፈለግ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ የላኪውን አገር ገጽ ብቻ ሲያድስ ይውላል። ካርቶኑ ውስጥም ስማችሁና አድራሻችሁ የተጻፈበት ወረቀት ይግባ። የላዩ ሲቀደድ የውስጡ ያድናል።

የማይላኩ ነገሮች ዝርዝር በየአገሩ ይለያያል፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት ከውጭ በፖስታ ጥቅል አይገባም። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ደግሞ በዘር፣ በገለባና ቅርፊቱ ባልተላጠ እንጨት ላይ ቀልድ አያውቁም። በገለባ የተሞላ አሻንጉሊትም እዚያ ውስጥ ይገባል። ሽቶ፣ የሚረጭ ቆርቆሮና ፓወር ባንክ በፖስታ አይሞከርም።

በሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ውለታ እየዋለላችሁ መሆኑን አትርሱ። የታሸገ ካርቶን አይሰጠውም። ፊቱ ላይ ተከፍቶ፣ አንድ በአንድ አይቶ፣ ራሱ ያሽገው። አየር ማረፊያ ላይ "ይሄ ምንድን ነው?" ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስም የሌለው ዱቄት፣ ስም የሌለው ክኒን አይጨመርበት። ፓወር ባንክ ካለ ከእሱ ጋር በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይሄድም። ሲደርስ ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ተቀበሉ። እንቅልፍ አጥቶ የመጣ ሰው የእናንተን ዳይፐር መያዣ ቦርሳ ተሸክሞ ባቡር ላይ ሊሳፈር አይገባም።

3. የመጀመሪያው መክፈቻ፦ ልጅ ተኝታ

ካርቶኑ ቀን ከደረሰ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ይደበቃል። ማታ ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። ወለል ላይ አይደለም፤ ወለል ላይ የወደቀ ነገር ጠዋት ማን እንደሚያገኘው ይታወቃል። ቴፑ ተቆርጦ እንዳለቀ መቀሱ ወደ መሳቢያው ይመለስ።

ዕቃው ከመታየቱ በፊት ማሸጊያው ይጽዳ። ላስቲኩ፣ የስቴፕለር ሽቦው፣ የፎሙ ፍርፋሪ። ጫማ ውስጥ የምትገኘው እርጥበት መምጠጫ ከረጢት፣ ሲሊካ ጄል፣ አብዛኛውን ጊዜ መርዝ አይደለችም፤ ግን ለማነቅ ልኳ ነው።

ከዚያ ዕቃው አራት ቦታ ይከፈላል፦ አሁን የሚሰጥ፣ የሚታጠብ፣ የሚቆይ፣ ለልጅ የማይሆን። በአራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

ትንንሽ ነገሮች። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠሩ አሻንጉሊቶች የሚፈተኑበት ትንሽ ሲሊንደር አለ፤ የአፉ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። ተጨቁኖ ሳይሆን በራሱ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ያንቃል ተብሎ ይወድቃል። ቤት ውስጥ የመጸዳጃ ወረቀት መሐል ያለውን የካርቶን ጥቅል ተጠቀሙ። እሱ ሰፋ ስለሚል የበለጠ ጥንቃቄ ይሆናል። በዚያ ካለፈ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። የልብስ ቁልፎችን፣ የአሻንጉሊት ዓይንና ጆሮን ደግሞ ጎትቷቸው። እንደ ልጅ ጎትቱ፣ በጨዋነት አይደለም። ልትነቀል ያለች ቁልፍ በወፍራም ክር እንደገና ትሰፋለች።

ገመድ። የሹራብ ኮፍያ ላይ ያለው ማሰሪያ ይውጣ፤ መወጣጫ ላይ ሲያዝ አንገት ያንቃል። የአንገት ዶቃና ሐብልም ልጅ ላይ ለፎቶ ይታሰራል፣ ከፎቶ በኋላ ይፈታል። አንገቱ ላይ አድርጎ አይተኛም።

ባትሪ። ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። የሚዘፍን፣ መብራት የሚያበራ፣ በርቀት የሚሠራ ርካሽ መጫወቻ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ ባትሪ ይኖራል። ልጅ ከዋጠውና ጉሮሮው ላይ ከቀረ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። የባትሪው ክዳን በመፍቻ የሚከፈት ብሎን ከሌለው መጫወቻው አይሰጥም፤ አያት ቢቀየሙም አይሰጥም። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪታይ አትጠብቁ፣ አታስመልሱት፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ጠንካራ ትንንሽ ማግኔትም እንደዚያው ነው፤ ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ በኩል እርስ በርስ ይሳሳባሉ።

ቀለምና ኩል። ያረጀ ቀለም የተቀባ የእንጨት መጫወቻ፣ የሚያብለጨልጭ የሸክላ ኩባያ፣ ለዓይን የሚሆን ኩል እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርባቸው ይችላል። ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ኩባያው መደርደሪያ ላይ ያምራል፤ ልጁ ግን አይጠጣበት።

የሚበላና መድኃኒት። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ በጭራሽ፣ ለቅምሻም ቢሆን፤ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የብሪታኒያ የጤና አገልግሎት ያልተፈጨ ለውዝ ከ5 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ ይመክራል። የልጅ ሽሮፕ ከመጣ ስሙን ሳይሆን በውስጡ ያለውን አንብቡ። ፓራሲታሞል አሜሪካና ካናዳ ውስጥ አሴታሚኖፌን ይባላል። ይህን የማያውቅ ሰው ከአገር ቤት ከመጣው አንድ ማንኪያ፣ ከሰፈር ፋርማሲ ከገዛው ሌላ ማንኪያ ሰጥቶ ልጁን እጥፍ መድኃኒት ሊያጠጣ ይችላል።

4. የሚታጠበው

ቆዳ የሚነካው ሁሉ ከመለበሱ በፊት ይታጠባል። መንገድ ላይ የት እንደተኛ አይታወቅም።

አንድ ነገር ብቻ አላጥብም። እናቴ ሁልጊዜ ዕቃውን የምትጠቀልልበት አንድ የራሷ ልብስ ይኖራል፤ አንዳንዴ ሻርፕ፣ አንዳንዴ ያረጀ ሹራቧ። ሽታዋ እንዳለበት ይመጣል። ልጄ ምን እንደሚሸታት አላውቅም፤ እኔን ግን ለአንድ ደቂቃ ካርቶኑ ላይ አፍንጫዬን ደፍቼ ያቆመኛል።

5. ሁለተኛው መክፈቻ፦ አያት ስልክ ላይ

አሁን ልጁ ይምጣ። መጀመሪያ ሰዓት። ልጁ የተኛና የበላ መሆን አለበት። አያትም እንደዚያው፤ የሰዓት ልዩነቱን ቆጥራችሁ ቀጠሮ ያዙ። የእኛ የሚያመቸው የልጅቷ ከሰዓት እንቅልፍ ካበቃ በኋላ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ መልሱ። ሦስት። ለትንሽ ልጅ አሥራ አምስት ስጦታ አንድ ስጦታም አይደለም፤ አንዱን ይዞ ሌላውን ይጥላል፣ ከዚያ ያለቅሳል። አያት ደግሞ ያንን ልቅሶ ነው የምታየው። ክዳኑን ያለ ቴፕ እጠፉት፣ ልጁ ራሱ እንዲከፍተው።

ስልኩን እጃችሁ ላይ አትያዙ። መጽሐፍ ላይ አስደግፋችሁ በልጁ ቁመት አቁሙት፣ ፊቱም እጁም እንዲታይ። ልጅን ከስክሪን ስለማራቅ የምትጨነቁ ከሆነ ለዚህ አትጨነቁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ስክሪን ይቅር ሲል እንኳ የቪዲዮ ጥሪን ነጥሎ ፈቅዷል።

ከጥሪው በፊት ከአያት ጋር ለብቻ ተነጋገሩ። ይሄ የተረሳ እንደሆነ ነገሩ ይበላሻል። እኔ ለእናቴ የምላት እንዲህ ነው፦ "እማዬ፣ 'አመሰግናለሁ በይ' አትበያት፣ ገና ነች። ዕቃው ሲወጣ ስሙን አንቺ ጥሪላት። ቀስ ብለሽ።" እሷም ትጠራለች። "ካልሲ። ይሄ ካልሲ ነው። ካልሲሽን አሳዪኝ እስቲ።" ልጄ ጥቂት የማይባሉ ቃላትን ከአያቷ አፍ የለመደችው ከካርቶን ውስጥ እየወጡ ነው። እኛ ቤት ውስጥ ቋንቋውን ብንናገርም፣ "ካልሲ" እኔ ስላት የትእዛዝ ቃል ነው፤ አያቷ ስትላት ስጦታ ነው።

አሁን የማይቀረውን ልንገራችሁ። ልጁ ሦስቱንም ዕቃ አውጥቶ ይጥልና ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። የእኛ ሳምንት ሙሉ እዚያ ውስጥ ኖራለች። ልታወጡት አትሞክሩ። እናቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። "ልብሱን አልወደደችውም መሰለኝ" አለች። "እማዬ፣ ከላክሽው ሁሉ ቤቱን ነው የመረጠችው" አልኳት። ስትስቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምትስቀው፣ እንደዚያ አደረገች። አሁን ካርቶን ስትመርጥ ልጅ የሚያስገባ መሆኑን ታያለች።

አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ከሄደ ስልኩን ይዛችሁ አትከተሉት። ከእናታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ፤ እሷም እናንተን ካየች ቆይታለች።

6. የሚቆየው

የቀረው በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ከረጢት፣ ላዩ ላይ ቁጥሩና ከማን እንደመጣ ተጽፎ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ አንድ ይወርዳል፣ አንድ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር ያሉ ልጆችን አንዴ በ4 መጫወቻ፣ አንዴ በ16 አስጫውቶ አይቷል። አራት ሲኖራቸው በአንዱ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በተለያየ መንገድ ይጫወታሉ። ካርቶን ትንሽ ቢሆን ይሻላል ያልኩት ሌላው ምክንያት ይሄ ነው።

አዲስ ነገር በወረደ ቁጥር ለላኪው አጭር ቪዲዮ ይላክ። አንድ ካርቶን ለአራት ወር ወሬ ይሆናል።

7. ሳይሆን ሲቀር

"ጠበባት" ማለት ይከብዳል። ብዙዎቻችን እንዋሻለን፤ በሚቀጥለው ካርቶን ያው ጠባብ ልብስ በሌላ ቀለም ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ፎቶ አነሳለሁ፤ ዚፑ ባይዘጋም፣ እጀታው ክርኗ ላይ ቢቀርም። ፎቶው ከሄደ በኋላ "እማዬ፣ አየሻት እንዴት እንደረዘመች? ይሄን ለጎረቤት ሕፃን እንስጠው?" እላለሁ። ልብሱ አነሰ ሳይሆን ልጅቷ አደገች ነው ነገሩ። እውነትም ነው።

8. የመልሱ ፖስታ

ካርቶን በካርቶን መመለስ አያስፈልግም። ተራ ፖስታ ይበቃል። የልጁን መዳፍ ወረቀት ላይ አሳርፋችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ሣሉ፣ ቀኑን ጻፉበት። ልጁ የሞነጫጨረውም ይግባ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሪባን ነው። ልጅቷን በሩ ላይ አቁመን ከተረከዟ እስከ አናቷ በሪባን ለካናት፣ በልኳ ቆረጥነው፣ አጥፈን ከወረቀቱ ጋር ላክነው። ክብደት የለውም፣ ቦታ አይይዝም።

የደረሰ ቀን እናቴ ደወለች። መኝታ ቤቷ በር ላይ በምስማር ሰቅላዋለች፣ ጫፉ ወለሉን እንዲነካ አድርጋ። አጠገቡ ቆማ ስልኩን ወደ ታች አዘነበለችው። "እይ" አለችኝ፣ "ወገቤ ጋ ልትደርስ ነው።" ከዚያ ቀን በኋላ ልብስ ስትገዛ ሪባኑን አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የምትወጣው።